ለበቀቀናችሁ ጥሬ፣ ፔሌት ወይስ ትኩስ ምግብ? ለሰሜን ሸዋ ገዢዎች የቀረበ ንጽጽር

ሎሚን የገዛሁ ቀን ሻጩ አንድ ፌስታል ሱፍ መረቀልኝ። «ይሄን ብቻ ስጣት፣ ሌላ ምንም አትፈልግም» አለኝ። አመንኩት። ሎሚ ኮካቲል ናት፤ ቢጫ ቁንጮ ያላት ትንሽ በቀቀን። ደብረ ብርሃን ይዣት መጣሁ፤ ሰባት ወር ሙሉ ሱፍ ስትፈለፍል ከረመች። በስምንተኛው ወር ላባዋ ደበዘዘ፣ ደረቷ ተድቦለቦለ። ከኬጇ እስከ መጋረጃው በራ ስታርፍ ጣርማ በርን በእግሩ እንደወጣ ሰው ታለከልካለች።

ከዚያ ወዲህ ሦስቱንም ዓይነት ቀለብ ሞክሬያለሁ፦ ቅልቅል ጥሬ፣ ፔሌት (ተፈጭቶ በፍሬ መልክ የተጋገረ የወፍ ምግብ)፣ ትኩስ ምግብ። ትኩስ ስል ከምድጃ የወጣ ማለቴ አይደለም። ጎመን፣ ካሮት፣ በቆልት፣ ያለ ጨው የተቀቀለ ጥራጥሬ ማለቴ ነው።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ሰሜን ሸዋ ላይ ለሚኖር ሰው ዋናው ቀለብ ትኩስ ምግብ፣ ማገዣው ፔሌት ቢሆን ይሻላል። ግን ጠዋት ሃያ ደቂቃ የሌለው ሰው ፔሌቱን ዋና ያድርግ። ግማሽ መንገድ ላይ የሚቀር ትኩስ ምግብ ከሁሉም የባሰ ነው።

ቅልቅል ጥሬ

ጥሬ ርካሽ ነው፣ የትም ይገኛል፣ ቶሎ አይበላሽም። ማሽላ፣ ዳጉሳ፣ ኑግ፣ ሱፍ ከገበያ ገዝቶ ራስ መቀላቀልም ይቻላል። ኑጋችን እኮ ለወፍ ቀለብ ተብሎ ውጭ አገር ድረስ የሚላክ ነው።

ችግሩ ቅባቱ ነው። ሱፍና ኑግ ለዘይት የሚጨመቁት በከንቱ አይደለም። ቀኑን ሙሉ በጠባብ ኬጅ የምትቀመጥ ወፍ ያን ሁሉ ቅባት የምታቃጥልበት ሥራ የላትም፤ ጉበቷ ላይ ይከማቻል። በዚያ ላይ ጥሬ ቫይታሚን ኤ የለውም ማለት ይቻላል፣ ካልሲየሙም ትንሽ ነው። ግራጫው የአፍሪካ በቀቀን ካልሲየም ሲጎድለው እስከ መንቀጥቀጥ ይደርሳል።

ሌላም አለ። አሥር ዓይነት ጥሬ ብትቀላቅሉላት እሷ ሱፉን መርጣ ትበላና የቀረውን ወለል ላይ ትበትነዋለች። የገዛችሁት ድብልቅ ነው፤ የበላችው ግን ሱፍ ብቻ ነው።

ኦቾሎኒ ያለበት ቅልቅል ከሆነ ሽቱት። የሻጋታ ሽታ ካለው አትግዙ፤ ከሻጋታው የሚመጣው አፍላቶክሲን ለሰው ጉበትም ለወፍ ጉበትም መርዝ ነው።

ፔሌት

ፔሌት የተፈጨና የተመጠነ ምግብ ሆኖ በፍሬ መልክ የተጋገረ ነው። ዋናው ጥቅሙ መምረጥ አለመቻሏ ነው፤ እያንዳንዱ ፍሬ አንድ ዓይነት ነው። ብዙ የወፍ ሐኪሞች ከግማሽ በላይ የሆነውን ቀለብ ፔሌት አድርጉት ይላሉ። ለሥራ ለሚሯሯጥ ሰው ደግሞ ከዚህ የቀለለ የለም፤ ጠዋት ሞልቶ መውጣት ነው።

እዚህ ያለው ችግር ማግኘቱ ነው። እኔ የማገኘው አዲስ አበባ ሄጄ፣ አንዳንዴም ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ አደራ ብዬ ነው። ስትገዙ ሁለት ነገር እዩ። ከረጢቱ ያልተከፈተ መሆኑን፣ ቀጥሎም የማለፊያ ቀኑን። ከትልቅ ከረጢት እየተቀነሰ በነጭ ላስቲክ የሚሸጥ ፔሌት ቀኑም አይታወቅ፣ ዕድሜውም አይታወቅ። አንዴ ተታልዬ ገዝቻለሁ፤ ሎሚ አሽትታ ፊቷን አዞረች። ከተከፈተ በኋላ በሁለት ወር ውስጥ ማለቅ አለበት፤ ቫይታሚኑ እየቀነሰ ይሄዳል። ቀይ ሰማያዊ ከተቀባው ይልቅ ቀለም የሌለውን ምረጡ። ቀለም የተቀባውን የበላች ወፍ የኩሷ ቀለም ይለወጣል፤ ያኔ መታመሟን በምን ታውቃላችሁ?

ዋናው ቀለብ ፔሌት ከሆነ ውኃዋ ውስጥ ቫይታሚን አትጨምሩ። ኤ እና ዲ ሲበዙም ይጎዳሉ።

«የዶሮ መኖ አይተካውም ወይ?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ዶሮ እርባታው በሰፈራችን ስላለ አይፈረድባቸውም። አይተካውም። የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ ለቅርፊቱ ተብሎ ካልሲየም የተጫነበት ነው፤ እንቁላል የማትጥል በቀቀን ኩላሊት አይችለውም።

ትኩስ ምግብ

እዚህ ላይ ሰሜን ሸዋ የታደለ ነው። ከደጋው ባቄላ፣ አተር፣ ገብስ፣ ጎመን። ከቆላው፣ ከሸዋ ሮቢት በኩል፣ ፓፓያ፣ ማንጎ፣ ቲማቲም፣ ማሾ። መኪናው በጣርማ በር ዋሻ ወጥቶ ደብረ ብርሃን እስኪደርስ ማንጎው አይጠወልግም።

ማሾ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በእኔ ግምት ለበቀቀን ከዚህ የተሻለ ግዢ የለም። ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ይደር። ጠዋት አጥልሉት፣ በቀን ሁለት ሦስቴ እያጠባችሁ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት። ሸዋ ሮቢት ብትሆኑ በማግስቱ ጭራ ያወጣል። እኛ ጋ በታኅሣሥ ውርጭ ሦስት ቀን ያስጠብቃል፤ እኔ ጀበናው አጠገብ አስቀምጠዋለሁ። ጭራው ብቅ እንዳለ ታጥቦ ይሰጣል። ዝልግልግ ካለ ወይ ከሸተተ ለወፍ አይደለም፣ ለማንም አይደለም።

የባቄላ በቆልት ለእኛ ይጣፍጣል፤ ለወፍ ግን በጥሬው አይሰጥም። ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራ ተቀቅለው ይሰጡ። ጉልባን የሚሠራ ቤት ይህን ማስተማር አያስፈልገውም፤ ጨው ሳይገባበት ለወፏ አንድ ጭልፋ ማስቀረት ነው። ጓያ ግን በምንም መልኩ አትስጡ። ክክ ስትገዙም ጓያ እንዳልተቀላቀለበት አረጋግጡ።

ከቅጠል የሐበሻ ጎመን ከቆስጣ ይበልጣል። ቆስጣ ውስጥ ያለው ኦክሳሊክ አሲድ ካልሲየሙን ይዞ ያስቀረዋል። ለቫይታሚን ኤ ካሮት፣ ዱባ፣ ውስጡ ብርቱካናማ የሆነ ስኳር ድንች፣ የበሰለ ቀይ ቃሪያ። ስለ ቃሪያ አትጨነቁ፤ ወፍ ማቃጠሉ አይሰማትም። ሎሚ እኔ የማልደፍረውን ቃሪያ ከነፍሬው ስትበላ እንግዶች እጃቸውን አፋቸው ላይ ይጭናሉ።

ፍራፍሬ በትንሹ ይሁን፤ ስኳሩ ብዙ ነው። ብዙ ሰው «ትኩስ ምግብ ጀመርኩ» ሲል ሙዝና ማንጎ ብቻ እየሰጠ ነው። ያ ሱፍን በከረሜላ መተካት ነው።

ጉድለቱንም ልናገር። ትኩስ ምግብ ብቻውን ቫይታሚን ዲ የለውም። የደብረ ብርሃን ፀሐይ ይህን ትሞላለች፤ ግን በመስኮት መስታወት አልፋ የገባችው አትቆጠርም። ኬጁ በጠዋት ውጭ ይውጣ፤ ነፋስ በማያገኘው በኩል፣ ግማሹ ጥላ ሆኖ፣ ድመትም እንዳይደርስበት ሰው እያየው። በሳምንት አንዴ ትንሽ የተቀቀለ እንቁላል፣ እንዲሁም ቅርፊቱ ተቀቅሎ፣ ደርቆና ደቆ ቢነሰነስ ጥሩ ነው። ሌላው ጉድለት መበላሸቱ ነው። ሸዋ ሮቢት ሙቀት ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ ኬጅ ውስጥ አይቆይ። ደጋ ላይ ትንሽ ይታገሳል፤ ከአራት ሰዓት በላይ ግን እኔም አላቆየውም።

በጭራሽ የማይሰጡት፦ አቮካዶ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ቸኮሌት፣ ቡና፣ መጠጥ፣ ጨው፣ የፖምና የኮክ ዘር። ወጥ ማለት ደግሞ ሽንኩርት ማለት ነው፤ የበዓል ዶሮ ወጥ ጫፉንም አታቅምሷት።

ዋጋ

ዋጋ በብር ብጽፍላችሁ በሳምንቱ ያረጃል። ስለዚህ በመጠን ልንገራችሁ። ፔሌት ብቻ የሚበላ ትልቅ ግራጫ በቀቀን በቀን ከ30 እስከ 40 ግራም ይበቃዋል፤ አንድ ኪሎ ለአንድ ወር ገደማ ማለት ነው። ለኮካቲል ደግሞ ኪሎው ከመጠናቀቁ በፊት ያረጃል፤ ከጓደኛ ጋር ተካፈሉት። ትኩስ ምግብ ለአንድ ኮካቲል በቀን ሁለት የሾርባ ማንኪያ ነው። ለቤት ከሚገዛው ጎመንና ካሮት ላይ የሚነሳ ስለሆነ ለብቻው ወጪ ብዬ ቆጥሬው አላውቅም። ጥሬ በኪሎ ሲታይ ርካሽ ነው፤ ግማሹ ወለል ላይ እንደሚቀር ግን አትርሱ።

ከሁሉ በፊት የምትገዙት ግን ምግብ አይደለም። በግራም የሚለካ የወጥ ቤት ሚዛን ነው።

መቀየሩ

ሚዛኑ የሚያስፈልገው በቀቀን የማታውቀውን ነገር ምግብ ስለማትለው ነው። ሱፉን ድንገት ነሥታችሁ ጎመን ብታስቀምጡላት እያየችው ትራባለች። «ሲርባት ትበላለች» የሚለው ለፍየል ይሠራ ይሆናል። ትንሽ ወፍ አንድ ቀን ሙሉ ሳትበላ ከዋለች ሕይወቷ አደጋ ላይ ነው።

እኔ እንዲህ አደረግሁ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ሌሊቱን ሳትበላ ባደረችበት ሰዓት፣ ከመብላቷ በፊት መዘንኳት። ያኔ 108 ግራም ነበረች፤ ለእሷ ውፍረት ነው። ከዚያ ደቅቆ የተከተፈ ጎመንና ካሮት ላይ ትንሽ ጥሬ ለውሼ አንድ ሰዓት ተውኩላት። ጥሬውን ስትለቅም ካሮቱ አፏ ውስጥ መግባቱ አይቀርም። ከዚያ የለመደችውን ጥሬ ሰጠኋት፤ ማታም እንደገና። በየሳምንቱ የጥሬውን መጠን በትንሹ ቀነስኩ። ክብደቷ ካነሳችበት አሥር በመቶ ከወረደ፣ ለኮካቲል ወደ አሥር ግራም ማለት ነው፣ ቅነሳውን አቁሙና ሐኪም ጠይቁ። ኩሷ ካነሰና ከጠቆረ እየበላች አይደለም። ውኃ ከበዛበት ግን ከአትክልቱ ነው። ቀይ ሥር የሰጠኋት ቀን ደም መስሎኝ ባጃጅ ልጠራ ነበር።

ሁለት ሳምንት ጎመኑን ነክታ አታውቅም። ያሸነፋት እርጥብ ቅጠል ነው፤ ኬጇ ላይ ሰቀልኩላት፣ ልትታጠብበት ገባች፣ ከዚያ ጫፉን ቆነጠረች። ከሁሉ በላይ የሠራው ግን አብሮ መብላት ነው። በቀቀን የመንጋ ወፍ ናት፤ ሌላው የሚበላውን ትፈልጋለች። ፊቷ ቁጭ ብዬ ካሮት ስቆረጥም አንገቷን ትዘረጋለች። ከሳህኗ እንጂ ከአፋችሁ ግን አታጉርሷት፤ የሰው ምራቅ ለወፍ አይስማማም።

ታማ፣ ላባ እየቀየረች ወይም እንቁላል ላይ ሆና ከሆነ አትጀምሩ።

ለማን የትኛው?

ቀኑን ሙሉ ቢሮ ለሚውል፦ ፔሌት ዋና፣ ማታ ላይ አንድ ቅጠል ጎመን። ቤት ሰው ላለው፦ ትኩስ ምግብ ዋና፣ ፔሌት ማገዣ። ኮካቲል ወይም ባጂ (ሌላዋ ትንሽ በቀቀን) ያለው ሰው ጥሬውን ጨርሶ አይንሣ፤ እነዚህ በተፈጥሯቸው ዘር ለቃሚ ናቸው፣ በተለይ ውርጭ በሚመታበት ማታ ጥቂት ጥሬ አይጎዳቸውም። ግራጫ በቀቀን ያለው ግን ሱፉን ለሽልማት ብቻ ያውለው። ፔሌት ማግኘት ያልቻለ ሰው ፀሐዩንና እንቁላሉን እንዳያስታጉል።

ወፏን ገና ያልገዛ ካለ ደግሞ አንድ ነገር፦ ከወፍ ዋሻ ደን የተያዘ በቀቀን በርካሽ አለ የሚላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ እለፉት። የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝ በሕግ ያስጠይቃል። ደግሞ የዱር ወፍ ኬጅ ውስጥ ምግብ ማስለመድ ከሎሚ አሥር እጥፍ ይከብዳል።

ሎሚ ዛሬ ጠዋት 95 ግራም መዘነች። መጋረጃው ላይ ስታርፍ አታለከልክም። መጋረጃው ግን የካሮት ነጠብጣብ ሆኗል፤ ነጭ መጋረጃ ያላችሁ ከወዲሁ አስቡበት።