ካት ትውልድ 7፦ ከጦር ሜዳ የመጣው ቱርኒኬት

ሐኪሞች ቱርኒኬትን፣ ማለትም የእጅና የእግር ደም መፍሰስን አጥብቆ የሚያቆም ማሰሪያን፣ «እግር ያስቆርጣል» እያሉ ለረጅም ጊዜ ሲሸሹት ኖረዋል። ሐሳባቸውን ያስቀየራቸው የኢራቅ ጦርነት ነው። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ2005 ካት (CAT) የተባለውን ቱርኒኬት ለወታደሮቹ ማደል ጀመረ። በማግስቱ ዓመት ባግዳድ በሚገኘው ኢብን ሲና ሆስፒታል በተጀመረው ጥናት፣ ቁስለኛው ሾክ (ደም በማነሱ ሰውነት የሚዝልበት አደገኛ ሁኔታ) ውስጥ ሳይገባ ከታሰረላቸው 90 በመቶው ሲተርፉ፣ ከገቡ በኋላ ከታሰረላቸው የተረፉት 10 በመቶው ብቻ ናቸው። በማሰሪያው ምክንያት እግሩን ያጣም አልተገኘም።

ዕቃው ቀላል ነው፦ 3.8 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ባለ ቬልክሮ ቀበቶ፣ ዘለበት፣ የፕላስቲክ ዘንግ፣ የዘንግ መያዣና ሰዓት የሚጻፍበት ማሰሪያ። ቁስለኛው ራሱ በአንድ እጁ ሊያስረው ይችላል። በትውልድ 7 ቀበቶው በዘለበቱ ውስጥ የሚያልፈው አንዴ ብቻ ነው፤ በቀድሞው ሁለት ጊዜ ማሳለፍ ይቻል ስለነበር በጭንቅ ሰዓት ያደናግር ነበር።

ሁሉም ዘንጉን ያያል፤ ሥራውን የሚወስነው ግን ቀበቶው ነው። ከቁስሉ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገው፣ ጉልበትና ክርን ላይ ሳያሳርፉ፣ ጣት እስከማያስገባ ድረስ ይሳቡት። ከዚያ ዘንጉን ደሙ እስኪቆም አዙረው መያዣው ውስጥ ይቆልፉ፤ ሰዓቱን ይጻፉ። ቀበቶው ላልቶ ከቀረ ዘንጉ ቢዞር ቢዞር ትርፉ ድካም ነው። ይባስ ብሎ፣ በግማሽ የጠበቀ ማሰሪያ ደም መልሱን ዘግቶ ደም ቅዳውን ስለሚተው መፍሰሱን ያባብሰዋል። ካልቆመ ሁለተኛ ካት ከጎኑ፣ ከፍ ብሎ ይታሰራል።

በደንብ የታሰረ ካት ክፉኛ ያማል። ቁስለኛው «ፍቱልኝ» ብሎ ቢለምንም አይፈታም፤ «ደም ይዘዋወር» ብሎ በየጊዜው ማላላትም የቆየ ስህተት ነው። በ2 ሰዓት ውስጥ ሆስፒታል ማድረስ ነው የሚበጀው። ለብሽሽት፣ ለብብትና ለአንገት ቁስል ግን ካት አይሠራም፤ እዚያ ጎዝ (የቁስል ጨርቅ) ጠቅጥቆ መጫን ያስፈልጋል። ለእባብ ንክሻም መታሰር የለበትም፣ በየገጠሩ ቢለመድም።

ትልቁ ችግር የሐሰተኛው ብዛት ነው። መልኩ ቁርጥ ካትን ይመስላል፤ ዘንጉ ግን ኃይል ሲያርፍበት ይጎብጣል ወይም ይሰበራል። ዋናው በአሜሪካ ወደ 30 ዶላር ስለሚሸጥ፣ በጥቂት ዶላር የሚቀርብ «ካት» ሲያዩ ይጠርጥሩ።

እንደተገዛ የፕላስቲክ መጠቅለያው ይቀደድና ቀበቶው ተስተካክሎ ይቀመጣል፤ በደም የራሰ እጅ ፕላስቲክ ሲቀድ ጊዜ ይበላል። ፀሐይ ስለሚጎዳው የመኪና ዳሽቦርድ ላይ አይተው። ለልምምድ የዋለ ካት ወደ ሳጥኑ አይመለስም፤ ለዚያ ሰማያዊው የማሠልጠኛ ዓይነት አለ።