«3 ኪሎ ሮቦት ይገፋል» ተብሎ የሚሸጠውን ጥቅል እንዳትገዙ

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ለሱሞ ሮቦት ውድድር (ሁለት ሮቦቶች ተገፋፍተው አንዱ ሌላውን ከሜዳ ለሚያስወጣበት) የምትዘጋጁ ተማሪዎች፣ ለልጆቻችሁ ዕቃ የምትገዙ ወላጆችና የክበብ ኃላፊዎች፣ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ። በቴሌግራምና በአንዳንድ ሱቆች አንድ ጥቅል እየተሸጠ ነው። ውስጡ ያለው አራት ቢጫ የፕላስቲክ ሞተር፣ ዲያሜትራቸው 65 ሚሊ ሜትር የሆነ አራት ጎማ፣ የአክሪሊክ ሻሲ (የሮቦቱ አካል)፣ ኤል298ኤን የሚባለው ቀይ የሞተር ድራይቨር (ከባትሪው ወደ ሞተሮቹ የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠር ሰሌዳ)ና «9900» የተጻፈባቸው ሁለት ባትሪዎች ናቸው። ማስታወቂያው «ለሱሞ ውድድር፣ 3 ኪሎ ይገፋል፣ ጎማው አይንሸራተትም» ይላል። ይህ ሐሰት ነው። ዕቃው መስመር ተከትላ ለምትሄድ ቀላል የጀማሪ ሮቦት ይሆናል፤ ለሱሞ ግን አይሆንም።

ሂሳቡን እንሥራው። ጎማ መሬት የሚይዘው በላዩ ባረፈው ክብደት ልክ ነው። ጥሩ የሲሊኮን ጎማ በንጹሕ ሜዳ ላይ ከሮቦቱ ክብደት ጋር የሚቀራረብ ኃይል ይገፋል። ስለዚህ 3 ኪሎ የሚመዝን ሮቦት ጎማው የሚይዘውን ያህል ለመጠቀም 3 ኪሎ ገደማ መግፋት አለበት። ቢጫው ሞተር (ማርሹ 1 ለ 48 የሆነው) በ6 ቮልት ታንቆ ሲቆም፣ ማለትም ኃይል እያገኘ መዞር ሲያቅተው፣ የሚሰጠው ጉልበት 0.8 ኪሎ ግራም ሴንቲ ሜትር ያህል ነው (ከዘንጉ መሐል 1 ሴንቲ ሜትር ርቆ 0.8 ኪሎ ይገፋል ማለት ነው)። አራቱ ሲደመሩ 3.2። ይህን ለጎማው ግማሽ ዲያሜትር፣ ለ3.25 ሴንቲ ሜትር ስታካፍሉት 1 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ያውም ሞተሩ ሊቃጠል ሲደርስ የሚገኝ ጉልበት ነው እንጂ እየዞረ የሚሰጠው አይደለም። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሙሉ ጭነት ይዞ ሐረጎን በከፍተኛ ማርሽ ለመውጣት የሞከረ መኪና ምን እንደሚሆን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ጎማው ሳይንሸራተት ሞተሩ ይጠፋል። እዚህም እንደዚያው ነው። ልዩነቱ የሮቦቱ ሞተር ጠፍቶ አያርፍም፤ ቆሞ ኃይል መሳቡን ይቀጥላል፣ ይግላል፣ የፕላስቲኩ ማርሽ ጥርስም ይረግፋል።

ለገፊ ሮቦት ዋናው ሕግ ሞተሩ ከመታነቁ በፊት ጎማው መንሸራተት አለበት የሚለው ነው። ጎማው ሲንሸራተት ሞተሩ ከሙሉ ጉልበቱ ከግማሽ በላይ እየተጠቀመ መሆን የለበትም። ለ3 ኪሎ ሮቦት ዲያሜትሩ 6 ሴንቲ ሜትር በሆነ ጎማ (ግማሹ 3) የሚያስፈልገው ጠቅላላ ጉልበት 3 በ3 ሲባዛ 9 ኪሎ ግራም ሴንቲ ሜትር ነው፤ ለአራት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ሞተር 2.25 ይደርሳል። እጥፉን ውሰዱና ታንቆ ሲቆም ቢያንስ 4.5 የሚሰጥ፣ የብረት ማርሽ ያለው የ12 ቮልት ሞተር ፈልጉ። በደቂቃ 200 ዙር የሚዞር ከሆነ ሮቦቱ በሰከንድ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ለመግፋት የተሠራ ሮቦት ከዚያ በላይ ባይፈጥን ምንም አይጎዳም።

ድራይቨሩም ችግር አለበት። ኤል298ኤን በአንድ መስመር 2 አምፔር ብቻ ይችላል። ሁለት ቢጫ ሞተሮች በአንድ መስመር ታስረው ሲታነቁ 3 አምፔር ይስባሉ። በዚያ ላይ 2 ቮልትና ከዚያ በላይ እዚያው ወደ ሙቀት ተለውጦ ይቀራል፤ ከ7.4 ቮልት ባትሪ ለሞተሩ የሚደርሰው ከ5.4 አይበልጥም።

ባትሪው ላይ የተጻፈው 9900 ሚሊ አምፔር ሰዓት በዚያ መጠን ሊኖር አይችልም። የታወቁ ፋብሪካዎች 18650 ባትሪ (የዚህ መጠን ባትሪ መጠሪያ ነው) በአብዛኛው ቢበዛ 3500 አካባቢ ነው የሚይዘው። ትክክለኛው 45 ግራም ገደማ ይመዝናል። ፒያሳ ወርቅ ቤት ገብታችሁ በትሕትና ብትጠይቁ ይመዝኑላችኋል፤ 30 ግራም ካሳየ ተዉት።

ጎማው ደረቅ ፕላስቲክ የመሰለ ላስቲክ ነው፣ አቧራ ሲነካው መሬት አይዝም። ይህን ለመሸፈን አንዳንድ ሻጮች የሚቀባ ማጣበቂያ አብረው ይሰጣሉ። አትቀቡት። በብዙ የሱሞ ሕጎች ሮቦቱ ኤ4 ወረቀት ላይ ቆሞ ይነሣል፤ ጎማው ወረቀቱን ይዞ ከተነሣ ሮቦቱ ይሰረዛል። ለስላሳ የሲሊኮን ጎማ ገዝታችሁ ከእያንዳንዱ ግጥሚያ በፊት በአልኮል በራሰ ጨርቅ ጥረጉት። ደግሞም የነጻ ኳስ ጎማ (በሞተር የማይነዳ ደጋፊ ጎማ) የተሸከመው ክብደት ለመግፋት የሚረዳው ነገር የለም፤ ክብደቱ ሁሉ በሞተር በሚነዱት ጎማዎች ላይ ይረፍ።

«ይህኛው 10 ኪሎ ጉልበት፣ 200 ዙር አለው» ብለው የብረት ማርሽ ያለው ሞተር ካወጡላችሁ መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ይዛችሁ ሂዱ። መጀመሪያ የመልቲሜትሩን ሁለት ጫፎች አገናኝታችሁ የሽቦውን ኦም (የኤሌክትሪክ ተቃውሞ) መዝግቡ። ቀጥሎ የሞተሩን ሁለት እግሮች ለኩ፤ ሻፍቱን (የሚዞረውን ዘንግ) ቀስ እያላችሁ እያዞራችሁ ዝቅተኛውን ቁጥር ውሰዱና የሽቦውን ቀንሱ። 12 ቮልትን ለዚህ ቁጥር ስታካፍሉ ሞተሩ ሲታነቅ የሚስበውን አምፔር ታገኛላችሁ። ቮልቱን በአምፔሩ አባዝታችሁ ለ4 ስታካፍሉ ደግሞ ሞተሩ ከዚያ በላይ ሊሰጥ የማይችለውን ኃይል በዋት ታውቃላችሁ። 30 ኦም ካነበበ 0.4 አምፔር ነው፤ ኃይሉ 1.2 ዋት። 10 ኪሎ ግራም ሴንቲ ሜትርና 200 ዙር የሚሉት ግን ቢያንስ 5 ዋት ይፈልጋል። ስለዚህ ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱ ውሸት ነው ማለት ነው። 6 ኦም አካባቢ ካነበበ የተባለው ሊሆን ይችላል። ሻጩ ለማስለካት እምቢ ካለ አትግዙ።

የሻፍቱንም ቅርጽ እዩ። አንድ ጎኑ የተላገ መሆን አለበት፤ የጎማው ማሰሪያ ብሎን የሚነክሰው እዚያ ላይ ነው። ክብ ሻፍት ላይ ብሎኑ ሲገፉ ይንሸራተታል፤ ሞተሩ ይዞራል፣ ጎማው ይቆማል።

ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትውጡ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል፣ አሳሳች ማስታወቂያንም ይከለክላል። ደረሰኙ ላይ «የሮቦት ዕቃ» ብቻ አይጻፍ፤ ቮልቱ፣ ዙሩና ጉልበቱ በቁጥር ይስፈር። የማስታወቂያውንም ስክሪንሾት ያዙ፤ የከተማው ንግድ መምሪያ ብትሄዱ የምታሳዩት ይኖራችኋል።

ቀድማችሁ የገዛችሁ፣ «ለትንሹ ምድብ እናውለው» ብላችሁ አትድከሙ። የ500 ግራሙ ምድብ ስፋቱ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ይህ ሻሲ አይገባም። መስመር መከተያ ሮቦት ሥሩበት። ባትሪዎቹን ግን ከመጀመሪያው ቀን ቀይሩ፤ ቻርጅ እየተደረጉ ሰው በሌለበት ክፍል እንዳታሳድሯቸው።