ዓይኗን የወሰደውን መምረጥ ነበረባት? «ኢተርናል ላቭ» ሱቃችንን ያሟገተበት ጉዳይ

ልብስ ሰፊ ነኝ። የምሠራው ድራማ ከፍቼ ነው። ታብሌቱን የክር ሣጥኑ ላይ አስደግፈዋለሁ። ረጅም ስፌት ላይ ስሆን እሰማለሁ፣ እጄ ሲያርፍ ቀና ብዬ አያለሁ። የቱርኩንም የኮሪያውንም በዚህ መልክ ጨርሻለሁ። እንደ «ኢተርናል ላቭ» ሱቃችንን ያሟገተ ግን የለም።

ድራማው የቻይና ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ላይ የወጣ፣ 58 ክፍል ያለው፣ አንዱ ክፍል 45 ደቂቃ አካባቢ የሚፈጅ። ታንግ ቺ የምትባል ደራሲ በጻፈችው ልብወለድ ላይ የተመሠረተ ነው። የቻይንኛ ስሙ ሲተረጎም «ሦስት ሕይወት፣ ሦስት ዓለም፣ ዐሥር ሊ የኮክ አበባ» እንደማለት ነው። ሊ የእነሱ የርቀት መለኪያ ነው፤ ግማሽ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ዘርፉን ሺያንሺያ ይሉታል። ሰማይ ላይ መንግሥት አለ፣ ሹመት አለ፣ ሕግ አለ። በሺህ የሚቆጠር ዓመት የሚኖሩ ፍጡራን ይዋደዳሉ፣ ይዋጋሉ፣ ይቀናናሉ።

እኛ የምናየው ከሥሩ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያለውን ነው። ታናሽ እህቴ ከእኔ ጋር ትሠራለች። አንዲት ደንበኛችን ደግሞ አሉ፤ እማማ ነው የምንላቸው። ለልጃቸው ሠርግ ቀሚስ ሊያሰፉ መጥተው፣ ልኬት ተወስዶ ካለቀ በኋላም በርጩማቸው ላይ ቀሩ። እንግሊዝኛው ስለማይነበብላቸው እህቴ ጮክ ብላ ትተረጉምላቸዋለች። ሙግቱ የተጀመረውም እዚያው ነው።

ድራማውን ለማየት ያሰበ ሰው ከዚህ በታች ያለውን ባያነብ ይሻለዋል። ታሪኩን እነግራለሁ፤ ሳልነግር ልሟገት አልችልም።

ባለታሪኳ ባይ ቺየን ትባላለች። የቺንግቺዩ ምድር ንጉሥ ልጅ ናት፣ ዘጠኝ ጅራት ያላት ነጭ ቀበሮ። ቺንግቺዩና ባለዘጠኝ ጅራቱ ቀበሮ ደራሲዋ የፈጠረቻቸው አይደሉም። «ሻን ሃይ ጂንግ» በሚባለው ጥንታዊ የቻይና መጽሐፍ ውስጥ አሉ። የምትጫወታት ያንግ ሚ ናት። አንዲቱ ሴት ሦስት ስም፣ ሦስት ኑሮ ይኖራታል። ሦስት ወንዶችም በሕይወቷ ያልፋሉ።

መጀመሪያ ሲ ዪን ናት። ወንድ መስላ ኩንሉን ተራራ ላይ ከሞ ዩዋን ዘንድ ለትምህርት ትገባለች። ሞ ዩዋን የጦር ጌታ ነው፣ መምህሯም ነው። እሷ ላይ ሊወርድ የነበረውን የሰማይ መብረቅ በራሱ ጀርባ ተቀበለላት። ያን ጊዜ ከጠላት ወገን የሆነው ልዑል ሊ ጂንግ ወደዳት፣ እሷም ወደደችው። ብዙም ሳይቆይ ከሌላ ሴት ጋር አገኘችው። ያቺ ሴት ደግሞ የባይ ቺየንን መልክ የተላበሰች ናት። ስለ ሊ ጂንግ ሱቃችን ውስጥ አንድም ቀን ክርክር አልተነሣም። ሦስታችንም ከልባችን አውጥተን ጣልነው።

ቀጥሎ ጦርነት መጣ። ሞ ዩዋን በነፍሱ ከፍሎ ጠላትን ደወል ውስጥ ዘጋ፣ ከመጥፋቱ በፊትም «ጠብቂኝ» አላት። ጠበቀችው። ሥጋው እንዳይበሰብስ የልቧን ደም እየሰጠች 70 ሺህ ዓመት ጠበቀችው። እህቴን ያሸነፋት ይህ ነው። «እቴ፣ ይህን ያህል ተጠብቆ ሌላ ሰው ይመረጣል?» ትለኛለች። እሷ እስከ ዛሬ ከሞ ዩዋን ጎን ናት። ብቻዋንም አይደለችም፤ ድራማውን ካየው ሕዝብ ስንቱ በዚህ ለሁለት ተከፍሏል። ሙግቱን ያባሰው ደግሞ ሞ ዩዋንንም ሌላውን ወንድ ዬኋንም የሚጫወተው አንድ ሰው፣ ማርክ ቻው፣ መሆኑ ነው። ፊታቸው አንድ ነው። አንዱ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ዝም ሲል መምህር ነው። ሌላው ያው ዝም ሲል የሚወድ ሰው ነው። ማርክ ቻውን ያደነቅሁት እዚህ ላይ ነው። ልብሱ ባይለይም እለያቸው ነበር።

ዬኋ የሰማይ ንጉሥ የልጅ ልጅ፣ አልጋ ወራሹ ነው። ባይ ቺየን ጠላትን ዳግም ልትዘጋ ሄዳ ኃይሏም መልኳም ትዝታዋም ይታሸግባታል። ምንም የማታውቅ ተራ ሰው ሆና ተራራ ላይ ትወድቃለች። እዚያ ዬኋን አገኘችው፣ አስታመመችው። ስሟን ስለማታውቅ ሱ ሱ ብሎ ስም ያወጣላት እሱ ነው። ለሰማይና ለምድር ሰግደው ተጋቡ። አረገዘች። እነዚህ ክፍሎች ከድራማው ሁሉ የምወዳቸው ናቸው። አንዲት ጎጆ፣ አንድ ምጣድ፣ ሁለት ሰው። ሌላ ምንም የለም።

ከዚያ ሰማይ ቤት ገባች። እዚያ ሱ ጂን የምትባል፣ ዬኋን የምትመኝ ሴት አለች። ዘላለማውያን የሚጠፉበት ከፍ ያለ መድረክ ላይ ራሷን ጥላ «ሱ ሱ ገፋችኝ» አለች። ዓይኗ ጠፋ። ፍርዱም ዓይን በዓይን ሆነ። የሱ ሱን ዓይን የወሰደው ባሏ ነው። በገዛ እጁ።

ሱቁ ጸጥ አለ። እህቴ መተርጎም አቆመች፤ መተርጎምም አያስፈልገውም ነበር። እማማ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አነሡ። ቆይተው «ልጄ፣ እንዲህ ያደረገ ሰው ባል ይባላል?» አሉኝ። «እማማ፣ ትንሽ ይታገሱ፣ ምክንያት አለው» አልኳቸው። «ምክንያቱን ለሷ ነገራት?» አሉ።

አልነገራትም። ይህ ጥያቄያቸው ከዚያ ቀን ጀምሮ ከራሴ አልወጣም። እኛ የምንወደውን ሰው ዓይኔ እንላለን፣ የዓይኔ ብሌን እንላለን። ይህ ሰው ንጽሕናዋን ያውቃል። ነፍሷን ለማትረፍ ብሎ ዓይኗን ወሰደ፤ አያቱን ይፈራ ነበር፣ አጎቱ ስለ ፍቅር ሲባረር አይቷል። ይህ ሁሉ ይገባኛል። ግን ጨለማ ውስጥ ለተቀመጠች ሴት «አምንሻለሁ» የምትል አንዲት ቃል አልሰጣትም። ወለደች፣ ከዚያ ያ መድረክ ላይ ወጥታ ዘለለች። ዬኋን የምወቅሰው በዝምታው ነው። በዚህ ከእማማ ጋር እስማማለሁ።

ዝላዩ እሽጉን ሰበረውና ባይ ቺየን ወደ ራሷ ተመለሰች። ሕመሙ ስላልተቻላት የመርሻ መድኃኒት ጠጥታ ሱ ሱን ከነባሏ ረሳቻቸው። 300 ዓመት አለፈ። ከዚህ በኋላ የምናያት ባይ ቺየን ብርሃን ስለሚጎዳት ዓይኗን በነጭ ሐር ትሸፍናለች። ያችን ሐር ደጋግሜ አይቻታለሁ። ስስ ናት፣ ጠርዟ ላይ ምንም የለም፣ ከኋላ ታስራ በጀርባዋ ትወርዳለች። የልብሱ ሠራተኞች አንድም ጌጥ አልጨመሩባትም። ጥልፍ ቢያደርጉባት ኖሮ ጌጥ ትሆን ነበር፤ እንዲህ ስትሆን ግን ቁስል መሆኗ አይረሳም።

ዬኋ ዳግም አገኛት። ታጭታለታለች፤ እሱ 50 ሺህ ዓመቱ፣ እሷ 140 ሺህ። ልጃቸውን ይዞ ቤቷ መጣ፣ ምግብ ሠራላት። ደግማ ወደደችው። ሞ ዩዋንን የሚቀሰቅሰውን መድኃኒት ለማግኘት ከአራዊት ጋር ተዋግቶ ክንዱን ያጣውም ዬኋ ነው። አንዴ ለምን ሁልጊዜ ጥቁር እንደሚለብስ ትጠይቀዋለች። ጥቁር ላይ ደም አይታይም፣ ውኃ የፈሰሰበት ይመስላል፣ ዘመድም አይጨነቅም፣ ጠላትም ደስ አይለው፣ ይላታል። ጨርቅ በእጄ እየዋለ እያደረ ጥቁርን እንዲህ አስቤው አላውቅም ነበር። ማሽኑን አቆምኩ።

ወደ እህቴ ሙግት ልመለስ። ለሞ ዩዋን ያላት ነገር ትልቅ ነው፤ እኔ ግን ውለታ ነው የምለው። መብረቁን ተቀበለላት፣ ደሟን ሰጠችው። እንዲህ ያለ ዕዳ ሰውን ያስራል፣ ያከባብራል። መምህርና ተማሪ ናቸው፤ ፊቱ ስትቆም አንድም ቀን እንደ ልቧ ስትሆን አላየኋትም። ከዬኋ ጋር ትቆጣለች፣ ታዛለች፣ ትስቃለች፣ እንቅልፍ ይወስዳታል። እህቴ ይህን ስላት «ሞ ዩዋን ጊዜ ስላልተሰጠው ነው» ትላለች። ነቅቶ ከሌላ ጋር ሲያያት አንዲት ቃል ሳይናገር መቅረቱ እኔንም ያመኛል።

የእማማ ሐሳብ ሌላ ነው። እሳቸው ማንንም አይመርጡላትም። «አባቷ ንጉሥ፣ አገሯ ሰፊ፣ ልጇ አብሯት። ወደ ቤቷ ትግባ» ይላሉ። የእርቅ ነገር ሲነሣባቸው ደግሞ «እርቅ ያለ ካሳ የት አለ?» ይላሉ።

እዚህ ላይ ነው እኔ የምከራከራቸው። ባይ ቺየን ካሳዋን ተቀብላለች። ትዝታዋ ሲመለስ ወደ ዬኋ ሮጣ አላለቀሰችም። ሱ ጂን ቤት ሄዳ የተዋሰቻትን ዓይን ጠየቀቻት። ፈራጅ አልጠበቀችም፣ ራሷ ወሰደችው። ከዚያ ቺንግቺዩ ገብታ በሯን ዘጋች። ዬኋ ደጅ ቆሞ ቢጠብቅ አልወጣችለትም። ሲ ዪን ሳለች ልጅ ነበረች። ሱ ሱ ሳለች ማንነቷን አታውቅም ነበር። ዬኋን ዳግም ስትወደውም ረስታ ነው። ሁሉን አስታውሳ የቆመችው እዚህ ብቻ ነው። ምርጫ የምለው ይህንን ነው።

የድራማው ትልቅ ጉድለትም ያለው እዚሁ ነው። ይህን ያህል ሰዓት አስጠብቆን፣ ሁለቱ ቁጭ ብለው የሚነጋገሩበትን ትዕይንት ነፈገን። ጠላት ከደወሉ ወጣ፣ እሷ ልትዋጋ ሄደች፣ ዬኋ ደርሶ በእሷ ፈንታ ሞተ። በሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰውን ማን ጨክኖ «አልመርጥህም» ይላል? ብትሞት መድኃኒቱን ደግሜ ጠጥቼ እረሳሃለሁ፣ ከሞ ዩዋን ጋር በደስታ እኖራለሁ ብላ ስታስፈራራው፣ እሱም ደግ ነው ይላታል። አለቀስኩ። ቢሆንም ውሳኔውን ከእጇ እንደ ነጠቋት ይሰማኛል። ከሦስት ዓመት በኋላ ሲነሣም እቅፍ ብቻ ነው። አንድ ክፍል፣ አንድ ሙሉ ክፍል፣ ስለዚያ ዝምታው ሲጠየቅ ቢያሳዩን ምን ነበረበት?

ሌላውን ባጭሩ። አራዊቱ በኮምፒውተር የተሠሩ መሆናቸው ያስታውቃል፣ ጥቁሩ እባብ በተለይ። መካከል ላይ የሰማይ ቤት ጉባኤ ይበዛል። የባይ ቺየን የወንድም ልጅ የፌንግጂዩ ታሪክ (የምትጫወታት ዲልራባ ናት) ጥሩ ነው ግን ዋናውን ያቋርጣል። መጀመሪያዎቹን ክፍሎች ስም እስኪለመድ ድረስ መታገሥ ያስፈልጋል። ሙዚቃውና የኮክ አበባው ጫካ ሌላ ናቸው። ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ፤ አንዷን የያዝኩት ለዚያ ላልተሠራው ክፍል ነው። ለብቻ ከማየት ከሰው ጋር ማየት ይሻላል፣ ቢቻል የማይስማማ ሰው ተፈልጎ።

የእማማ ቀሚስ ካለቀ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ባለፈው ሐሙስ ሊወስዱት መጡ፣ ለበሱት፣ ልክ ሆነላቸው። እህቴ ታጥፋ በላስቲክ ስታደርግላቸው እሳቸው በርጩማዋን ስበው ተቀመጡ። «ያችን ዓይኗን የምታስመልስበትን ድገሙልኝ» አሉ። ከፈትንላቸው።