ድምፅ የሌላት ሳጥን፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

«ድምፅ ለማታወጣ ዕቃ ነው እንዴ ይህን ሁሉ ብር ያወጣኸው?» አለኝ እንደኔው ሲንተሳይዘር (ድምፅን በኤሌክትሮኒክስ የሚፈጥር የሙዚቃ መሣሪያ) የሚወድ ጓደኛዬ። አዎ፣ ለሷ ነው። የክሎክ ሳጥኗ ኪቦርድ የላትም፣ ስፒከር የላትም። ሥራዋ የቀረጻ ሶፍትዌሩን ቴምፖ (የሙዚቃውን ፍጥነት) ተቀብላ ለውጭ ሲንተሳይዘሮቼ በሰዓቱ ማድረስ ብቻ ነው። በዚያው ብር ሌላ ሲንተሳይዘር መግዛት እችል ነበር። ወራት አልፈዋል፣ እስካሁን ቁጭት የሚባል አልነካኝም።

ችግሩ የደረሰበት ያውቀዋል። ድራም ማሽኑን (የከበሮ ድምፅ የሚያወጣውን መሣሪያ) በዩኤስቢ ታገናኛላችሁ፣ ቴምፖውን በደቂቃ 120 ምት ታደርጋላችሁ፣ ፕሌይ ትጫናላችሁ። መጀመሪያ ያምራል። ከዚያ አንድ ነገር ይጎረብጣችኋል። የቀረጻችሁትን ኪክ (የትልቁን ከበሮ ምት) አጉልታችሁ ስታዩት አንዱ ከመስመሩ 3 ሚሊሰከንድ ዘግይቷል፣ ቀጣዩ 9፣ ሌላው ጭራሽ ቀድሞ ገብቷል። ከሶፍትዌሩ ኪክ ጋር ሲደረብ ደግሞ አንዴ ወፍራም፣ አንዴ ባዶ ቆርቆሮ ይሆናል። ያው ኪክ፣ ያው ቮልዩም!

ይህን ለሻጭ ብትነግሩት መልሱ ዝግጁ ነው፦ «ፈጣን ኮምፒውተር ግዛ።» የለም ወንድሜ፣ ጉዳዩ የፍጥነት አይደለም። ሚዲ የሙዚቃ መሣሪያዎች የሚግባቡበት ቋንቋ ነው፤ ክሎኩ፣ ማለትም የምት ምልክቱ፣ በሩብ ኖታ (በአንድ ምት) 24 ጠቅታ ይልካል። በ120 ቴምፖ በሁለት ጠቅታ መካከል ያለው 20.8 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ጠቅታው ውስጥ ቴምፖ የሚባል ቁጥር የለም። «አሁን» ብቻ ነው የሚለው፤ ቴምፖውን ከክፍተቱ የሚገምተው ሲንተሳይዘሩ ራሱ ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ ስንት ሥራ በአንድ ጊዜ ይዞ፣ ጠቅታውን ሲመቸው ነው የሚልከው። ድምፅን የሚያሰላው በበፈር፣ ማለትም በቁራጭ በቁራጭ ነው፤ በሰከንድ 44,100 ሳምፕል (የድምፅ ናሙና) ሲሆን የ512 ሳምፕል ቁራጭ 11.6 ሚሊሰከንድ ነው፣ ከክፍተቱ ግማሽ በላይ። ኬብሉን አትውቀሱት። የተለመደው የሚዲ ኬብል የ1983 ቴክኖሎጂ ቢሆንም አንዷን ጠቅታ ለማሳለፍ 0.32 ሚሊሰከንድ ይበቃዋል።

«እሺ፣ መዘግየቱን ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ አስተካክለው» ይላል ሻጩ፣ እጅ አይሰጥም። ሁሌ 10 ደቂቃ የሚያረፍድ ጓደኛ ካላችሁ ቀጠሮውን 10 ደቂቃ ቀደም አድርጋችሁ ትነግሩታላችሁ። አንዴ ቀድሞ አንዴ አርፍዶ የሚመጣውንስ ምን ታደርጉታላችሁ?

የሳጥኗ ዘዴ ቀላል ነው። ሶፍትዌሩ ውስጥ አንድ ትራክ ላይ የምትጭኑት ፕለጊን (ትንሽ ተጨማሪ ፕሮግራም) አለ፤ አጭር የድምፅ ምት፣ ፐልስ፣ ይለቃል። ፐልሱ በኦዲዮ ኢንተርፌሱ (ድምፅን ከኮምፒውተሩ በሚያወጣው መሣሪያ) አንድ አውትፑት ወጥቶ ወደ ሳጥኗ ይገባል፣ እሷ ወደ ሚዲ ክሎክ ትቀይረዋለች። ልዩነቱ ፐልሱ ራሱ ድምፅ መሆኑ ላይ ነው። ከሙዚቃው ጋር አንድ ላይ ይወጣል፣ ኮምፒውተሩ ብቻውን ሊያጓትተው አይችልም።

መጀመሪያ ስቀርጽ ኪኮቹ አሁንም ዘግይተው ነበር። ግን ሁሉም እኩል! መዘግየቱን የሚያካክስ አንድ ቁጥር አስገባሁ፣ ሁሉም መስመሩ ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩን የምነካው የበፈሩን መጠን ስቀይር ብቻ ነው።

ያልጠበቅሁት ደግሞ በዲሌዩ፣ ማለትም ድምፁን መልሶ በሚያስተጋባው ኤፌክት፣ ላይ የመጣው ለውጥ ነበር። ከክሎኩ ጋር የሚሄደው የሲንተሳይዘሬ ዲሌይ ድሮ ኖታውን ትንሽ ትንሽ ያጣምመው ነበር። ክሎኩ በተንቀጠቀጠ ቁጥር የዲሌዩ ጊዜ ስለሚቀያየር ነው። አሁን ቀጥ ብሏል። አርፔጂዮ (ኖታዎችን ተራ በተራ የሚደጋግመውን) ከፍቼ ዝም ብዬ የማዳምጥባቸው ምሽቶች በዝተዋል፤ ሥራ አስፈትታኛለች ማለት ይቻላል።

እንከን የላትም አልልም። ፐልሱ ከፍ ያለ ቮልዩም ይፈልጋል፤ የአውትፑቱን ድምፅ ከቀነሳችሁ ድራም ማሽኑ ይቆማል። የኮምፒውተሩ የመልእክት ድምፅ በዚያው አውትፑት እንዲወጣ ከተውችሁት ደግሞ ሳጥኗ «ቲንግ» ስትሰማ ምት መስሏት ቴምፖውን ታሳብደዋለች። ዘፈኑን ከመሃል ስታስጀምሩም የኔዋ የት እንዳላችሁ አታውቅም፣ ድራም ማሽኑን ከሀ ታስጀምረዋለች። ድራም ማሽኑ የሚደጋግመው ባለ 4 ባር ፓተርን ከሆነ ከ17ኛው ባር ብትነሱ ይገጥማል፣ ከ18ኛው ከሆነ ሁሉም ይዛነፋል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን አንድ አውትፑት መብላቷ ነው። ያለኝ አራት ነው፤ ሁለቱ ለስፒከር፣ አንዱ ለሷ። ለውጭ ኤፌክት በስቴሪዮ ልልክ ስል አንድ ይጎድለኛል። ስለዚህ ባለ ስምንት አውትፑት ኢንተርፌስ እያየሁ ነው። ሻጩ ይህን ቢሰማ ይስቅ ይሆናል። ይሳቅ።