ያለፈው ባልዲ ወደቀ

ቨርጂኒያ ውስጥ ትንሽ ጋዝ ስቴሽን አለኝ። ታንኮቼ ሦስት ናቸው፤ ሁለቱ ቤንዚን፣ አንዱ ናፍጣ። በዚህ ሥራ ላይ ያለን ሐበሾች ብዙ ስለሆንን፣ ስለቀጠርኳቸው የታንክ ፈታሾች ልጻፍ ብዬ ነው። ሁለት ድርጅት ሞክሬያለሁ። ስም አልጠራም። የመጀመሪያዎቹን ላማ ነው፤ የሁለተኛዎቹን ብጠራ ደግሞ ማስታወቂያ ይመስልብኛል።

ነገሩ የመጣው ከደንቡ ነው። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2015 የከርሰ ምድር ታንክ ደንቡን አሻሻለ። ቨርጂኒያም የራሷን በ2018 አደሰችና እስከ 2021 መጀመሪያ ድረስ ጊዜ ሰጠችን። አዲሱ ነገር፣ መሣሪያው መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ እንደሚሠራ በፈተና ማሳየት አለባችሁ። ስፒል በኬቱ (ነዳጅ በሚሞላበት አፍ ዙሪያ ያለው፣ የሚንጠባጠበውን የሚይዘው ባልዲ) እና ታንኩ ከልክ በላይ እንዳይሞላ የሚያግደው መሣሪያ (ኦቨርፊሉ) በየ3 ዓመቱ ይፈተሻሉ። ፍሳሽ ሲኖር የሚጠቁሙት ሴንሰሮች ደግሞ በየዓመቱ።

እኔ እንደ ልማዴ እስከ መጨረሻው ቆየሁ። 2020 ሊያልቅ ሲል ርካሹን ድርጅት ጠራሁ። ሁለት ልጆች መጡ፤ በኬቶቹ ላይ ውሃ ሞሉ፤ መኪናቸው ውስጥ ገብተው ስልካቸውን ነካኩ። በ40 ደቂቃ ሁሉም «አልፏል» ተባለ። ደስ ብሎኝ ቡና ጋበዝኳቸው።

በሚቀጥለው ዓመት ኢንስፔክተሯ መጣች። ወረቀቱን ገለበጠችና «የውሃው ከፍታ ፈተናው ሲጀመር ስንት ነበር? ሲያልቅስ?» አለችኝ። ቅጹ ላይ ባዶ ነው። በጀመሩበትና በጨረሱበት ሰዓት መካከል ደግሞ ፈተናው የሚጠይቀው አንድ ሰዓት የለም። ልጆቹ ጋ ደወልኩ፤ ስልክ የሚያነሳ ጠፋ። እንደገና እንዳስፈትሽ ቀን ቆርጣልኝ ሄደች።

ሁለተኛዎቹን ያገኘኋቸው ያኔ ነው። ቴክኒሻኑ ዕድሜው የገፋ ሰው ነው፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ኮኖቹን ደርድሮ ጠበቀኝ። ካሸሪው ጋ ልመለስ ስል «አይ፣ እዚሁ ሁን፤ ታንኩ ያንተ ነው» አለኝ። በኬቱን አጸዳ። ውሃውን ከአፉ አንድ ኢንች ተኩል ያህል ዝቅ አድርጎ ሞላ። በማስመሪያ ለካና ሰዓቱን ጻፈ። አንድ ሰዓት ሙሉ አልነካውም። የሚፈቀደው ከአንድ ኢንች ስምንተኛ ያነሰ መቀነስ ነው። የሬጉላሩ (የተራው ቤንዚን) በኬት ከግማሽ ኢንች በላይ ወርዶ ተገኘ። ውሃውን አውጥቶ ባትሪ አበራልኝ፤ ታች፣ ጠርዙ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አለ። ከወራት በፊት «አልፏል» የተባለው ባልዲ ይኸው ነው! የነዳጅ ቦቴው ቱቦውን በነቀለ ቁጥር የሚንጠባጠበው ቤንዚን ወዴት ሲሄድ እንደነበር እናንተው አስቡት።

ኦቨርፊሉንም ቫልቩን ከነቱቦው ስቦ አውጥቶ ነው ያየው። ታንኩ 95 በመቶ ከመሙላቱ በፊት መዝጋት አለበት፤ ከላይ ሆኖ በዓይን ገምቶ ማለፍ አይቻልም። የናፍጣው ላይ ያለው የድሮው ቦል ፍሎት ነው፤ ታንኩ ሲሞላ ተንሳፍፎ የአየር መውጫውን የሚዘጋ ኳስ ማለት ነው። «ለጊዜው ይሠራል፤ ግን ከተበላሸ ተመሳሳዩን መልሰህ መግጠም በደንቡ አይፈቀድልህም፤ ሌላ ዓይነት ነው የምታስገባው፤ ገንዘብ አስቀምጥ» አለኝ። ሊሸጥልኝ አልሞከረም። ይኼን ወደድኩለት።

ካሸሪዬንም ጠርቶ በየ30 ቀኑ የሚደረገውን ዙር አሳያት፤ ክዳኑን ማንሳት፣ በኬቱ ውስጥ ውሃና ቆሻሻ መኖሩን ማየት፣ የታንኩ ሞኒተር ላይ አላርም እንደሌለ ማረጋገጥ፣ ከዚያ መፈረም። አሁን ከእኔ በላይ ጠንቃቃ ሆናለች፤ ቀኑ ሲደርስ እሷ ናት የምታስታውሰኝ።

በ2024 ለሚቀጥለው ዙር እነሱኑ ጠራሁ። ያኔ ትንሽ አበሳጩኝ። ቀጠሮውን ሁለት ጊዜ ቀየሩ። ሪፖርቱም 9 ቀን ቆይቶ ነው የመጣው። ከሁሉም ያናደደኝ ግን የውሃው ነገር ነው። የፈተሹበት ውሃ ቤንዚን ስለነካው ዝም ብሎ ቦይ ውስጥ አይደፋም። በ2021 ራሳቸው ይዘውት ሄደው ነበር። በዚህኛው ዙር በርሜል ሞልተው ከሱቁ ጀርባ ትተውልኝ ሄዱ። ስደውል «ውሉ ላይ የለም» አሉኝ። አንብቤ አየሁት፤ እውነትም የለም። ለሚያነሳው ድርጅት ሌላ 300 ዶላር ከፈልኩ።

ዋጋቸው ከመጀመሪያዎቹ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ቢሆንም የእያንዳንዱን መሣሪያ ፎቶ፣ የተጀመረበትንና ያለቀበትን ሰዓት፣ የውሃውን ከፍታ፣ የቴክኒሻኑን ፊርማ ሁሉ ያካተተ ወረቀት ይሰጣሉ። 3 ዓመት ማስቀመጥ ያለብን ያንን ነው። ኢንስፔክተሯ በድጋሚ ስትመጣ ፋይሉን አይታ 20 ደቂቃ አልቆየችም።

ለሚቀጥለውም ዙር እነሱኑ እጠራለሁ። ከመፈረሜ በፊት ግን ውሃውን ማን እንደሚወስደው አስጽፋለሁ።