በስቴንለስ ዋጋ የውሃ ቧንቧ

ሀገር ቤት ለእረፍት ገብታችሁ አሮጌ መኪና ልታሠሩ ካሰባችሁ ይህን አንብቡ። ሞተሩ የተቀየረ ከሆነ ደግሞ ሁለት ጊዜ አንብቡት።

መኪናው የአባቴ ቮልስ ነው፣ 1300። ታላቅ ወንድሜ የራሱን ሞተር አውርዶ የሱባሩ ኢጄ22 አስገባበት። ለምን እንዳትሉኝ፤ ዳገት ላይ ከኋላው ክላክስ ሲያስጮሁበት መረረው። የድሮው ሞተር 1285 ሲሲ ነው፣ 40 የፈረስ ጉልበት ቢኖረው ነው። የሱባሩው 2212 ሲሲ ሲሆን ጉልበቱ ከሦስት እጥፍ ይበልጣል። ሁለቱም አራት ሲሊንደር ናቸው፤ የሁለቱም ፒስተኖች ግራና ቀኝ ተጋድመው ነው የሚሠሩት። ስለዚህ ቦታው ላይ ይገባል። ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘው ወፍራም ፕሌት ተሠራ፣ ራዲያተር ተጨመረ፣ የኤሌክትሪኩ ሽቦ ተዘረጋ። ማርሚታው ብቻ ቀረ። ወንድሜ ከሞተሩ ሥር ሁለት አጫጭር ቱቦ አስበይዶ ነበር የሚነዳው። ድምፁን ጎረቤቶቻችንን ጠይቁ።

እኔም በዚህ እረፍቴ ማርሚታውን አስጨርሼ ልሄድ ብዬ ተነሳሁ።

ነገሩ ሱቅ ገብቶ የሚገዛ ዕቃ አይደለም። ሱባሩ ላይ ሞተሩ ከፊት፣ ካምቢዮው ከሞተሩ ኋላ ነው። ጢሱ ከሞተሩ ሥር ወጥቶ ወደ ካምቢዮው ይሄዳል፣ ከዚያ ወደ መኪናው ጭራ። ቮልስ ላይ ግን ሞተሩ ራሱ ጭራው ላይ ነው፣ ካምቢዮው ከፊቱ። የሱባሩን ቱቦ እንዳለ ብትተዉት ጢሱን ይዞ ወደ ፊት፣ ከተሳፋሪው ሥር ይገባል። ስለዚህ ቱቦው ገና ከሞተሩ እንደወጣ መዞር አለበት። በአንድ በኩል የዘይት ገንዳው አለ፣ በሌላ በኩል ወደ ጎማ የሚሄደው አክስል ከነላስቲክ ሽፋኑ አለ፣ ከታች መሬቱ ቅርብ ነው። ሰውየው ለክቶ፣ አስቦ፣ በእጁ መሥራት አለበት።

የመጀመሪያው ጋራዥ ሲታይ ያምራል። ሊፍት አለው። ሠራተኞቹ አንድ ዓይነት ቱታ ለብሰዋል። ባለቤቱ ከወንበሩ ተነስቶ ነው የተቀበለኝ። «ወንድሜ፣ እዚህ የማይሠራ ነገር የለም» አለ። ተስማማን። ቱቦው ስቴንለስ ስቲል፣ 304 የሚባለው፣ ግድግዳው 1.5 ሚሊሜትር። ብየዳው በአርጎን። ዋጋውም የስቴንለስና የአርጎን ዋጋ ነበር። ግማሹን ቀብድ ከፈልኩ።

ከዚያ «ነገ» መጣ። ነገ ቱቦው ይገባል። ነገ በያጁ ይመጣል። አርጎን ጋዝ አልቋል፣ ነገ ይሞላል። ስደውል «መንገድ ላይ ነኝ፣ መልሼ ልደውል» ይላል። የሚደውለው ግን ገንዘብ ሲፈልግ ብቻ ነው። ኩርባዎቹ ተወደዱ፣ ጨምር። ቱቦውን ከሞተሩ ጋር በቡሎን የሚያያይዘው ፍላንጅ ቶርኖ ቤት መሄድ አለበት፣ ጨምር። የመመለሻ ትኬት እንዳለኝ ያውቃል። የሚጫወተውም በትኬቴ ነው። እዚያው የሚኖር ሰው «በቃ፣ ሌላ ቦታ እወስደዋለሁ» ሊል ይችላል። መሄጃው የቀረበበት ሰው ግን ይለምናል። ይህን ስጽፍ አሁንም ደሜ ይፈላል።

አንድ ቀን ሳልነግራቸው ሄድኩ። አንድ ልጅ እግር በያጅ መኪናው ሥር ተኝቶ ይበይዳል። በአርጎን ሳይሆን በተራ ኤሌክትሮድ ነው። ከብየዳው ነጭ ጢስ ይትጎለጎላል፣ ልጁ ይስላል። ብየዳው ዙሪያ እንደ ዱቄት ያለ ነጭ ነገር ተርከፍክፏል።

«ይሄ ምንድነው?» አልኩት።

«ስቴንለስ ነው፣ ጋሼ።»

ስቴንለስ እንዲህ አያጨስም። ነጩ ጢስ ዚንክ ነው። ጋልቫናይዝድ ቱቦ ማለት ብረት ሆኖ እንዳይዝግ ዚንክ የተቀባ ነው። ዚንክ 419 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ 907 ላይ ደግሞ ይተናል። የብየዳው ሙቀት ከዚህ እጅግ ስለሚበልጥ ሽፋኑ ጢስ ሆኖ ይወጣል። ያን ጢስ የሚስብ ሰው ማታ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ጉንፋን ያዘኝ ብሎ ይተኛል። ልጁን ውጣና አየር ውሰድ አልኩት። ማታ ማታ እንደሚያተኩሰው ነገረኝ። ማንም ለምን እንደሆነ አልነገረውም።

ለነገሩ ጢሱንም ባላይ ቱቦው ራሱ ይናገር ነበር። ያልተቆረጠው ጫፉ ላይ የቧንቧ ጥርስ አለበት! ግቢ ውስጥ ውሃ የሚዘረጋበት ቧንቧ ነው።

ባለቤቱን ጠራሁት። ማግኔት አውጥቼ ለጠፍኩበት፣ ጭብጥ አድርጎ ያዘ። እሱም ዝም አላለም፤ «ማግኔት የሚይዘው ስቴንለስም አለ» አለኝ። እውነቱን ነው። 409 የሚባለው ማግኔት ይይዛል፣ ፋብሪካዎችም ለማርሚታ ይጠቀሙበታል። ስለዚህ እናንተም በማግኔት ብቻ አትፍረዱ። እኔ ግን የተዋዋልኩት 304 ነው፣ እሱን ማግኔት እንዲህ አይዘውም። ደግሞም ከየት ሀገር ነው ጥርስ ያለው ስቴንለስ የማርሚታ ቱቦ የሚመጣው? ዞር ብሎ ለሠራተኛው «እነዚህ ዲያስፖራዎች ነገር ያበዛሉ» ሲል ሰማሁት። ለእኔ ደግሞ «አታስብ፣ ይቀየራል» አለኝ።

የተቀየረው ቀለሙ ነው። መኪናውን ልረከብ ስሄድ ያው ቱቦ ብርማ ቀለም ተቀብቶ ጠበቀኝ። ሂሳቡ ላይ መጀመሪያ ከተስማማነው ግማሽ ያህል ተጨምሯል፣ «ልዩ ብየዳ» የሚል መስመርም ገብቶበታል። ደረሰኝ ስጠይቅ ዋጋው ሌላ ሆነ። ከፈልኩ። መኪናው በእጁ ነው፣ የአባቴ መኪና ነው፣ ምን ላድርግ።

ብዙም ሳይነዳ ቀለሙ ተቃጥሎ ረገፈ። ቀጥሎ ከሞተሩ ሥር ፉጨት ጀመረ። ከዚያ ነዳጅ መጠጣት። የማርሚታው ጫፍ ጥላሸት ለበሰ፣ መኪናው ውስጥ ቤንዚን ይሸታል። እናቴ «ያ የጥንቱ ይሻል ነበር» አለች። የጥንቱ ያለችው ሁለቱን አጫጭር ቱቦዎች ነው።

ሁለተኛውን ሰው የጠቆመኝ አንድ የመለዋወጫ ሻጭ ነው። ቤቱ ሰሌዳ የለውም። ሊፍት የለም፣ መሬት ውስጥ የተቆፈረ ጉድጓድ ነው ያለው። ሰውየው በዕድሜ የገፉ ናቸው። ቮልሱን ሲያዩ ፈገግ አሉ፣ የኋላ ክዳኑን ከፍተው ሱባሩውን ሲያዩ ደግሞ ሳቁ። ሜትር አላወጡም፣ ስለ ዋጋም አላነሱም። «አስነሳው» አሉኝ። ከዚያ «ነዳጅ ስጠው፣ ልቀቀው» እያሉ ሞተሩ በላስቲክ መያዣዎቹ ላይ ምን ያህል እንደሚወዛወዝ ቆመው አዩ።

ከዚያ ጉድጓዱ ውስጥ ገብተው ጠሩኝ።

«ልጄ፣ የድሮው የቮልስ ማርሚታ የመኪናውን አካል ነክቶ ያውቃል?»

አያውቅም። ቮልስ ከፋብሪካ ሲወጣ ማርሚታው በሞተሩ ላይ ብቻ ነው የሚታሰረው። ሞተሩ ሲወዛወዝ አብሮ ይወዛወዛል። የመጀመሪያው ጋራዥ ግን አንዱን ጫፍ ከሞተሩ፣ ሌላውን ጫፍ ከመኪናው አካል ጋር አጣብቆ በይዶታል። መሀል ላይ የሚተጣጠፍ ፍሌክስ እንኳ የለም። ሞተሩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ቱቦውን ይጠመዝዘዋል። ፍላንጁ ሥር ዙሪያውን ተሰንጥቆ ነበር፣ ፉጨቱም ከዚያ ነው።

ነዳጅ የሚያስበላውም ያው ስንጥቅ ነው። ከስንጥቁ በኋላ የኦክስጅን ሴንሰር አለ። ጢሱ በቱቦው ውስጥ በሞገድ ስለሚሄድ ስንጥቁ የውጭ አየር ይስባል። ሴንሰሩ አየር በዝቷል ብሎ ለሞተሩ ኮምፒውተር ይናገራል። ኮምፒውተሩ አምኖ ነዳጅ ይጨምራል። በዚያ ላይ ፍላንጁን በጋስኬት ፈንታ በሲሊኮን ነው የለጠፉት። ሲሊኮን ሲግል የሚወጣው ትነት ሴንሰሩን ይመርዘዋል። ሴንሰሩንም ከቱቦው ሆድ በኩል ነው ያስገቡት። ሞተር ሲነሳ ቱቦው ውስጥ የሚጠራቀመው ውሃ በሙሉ እሱ ላይ ይቆማል ማለት ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ እንደሚወጣው ስንቶቻችን እናውቃለን? ሞተሩ እስኪግል ያ ውሃ ማርሚታው ውስጥ ነው።

እኔ የምኖረው ጀርመን ነው፣ ቮልስ የተወለደበት። እዚያ 30 ዓመት የሞላውና እንደ ጥንቱ የተጠበቀ መኪና ኤች የሚል ፊደል ያለበት ታርጋ ይሰጠዋል። የእኛን ቮልስ ከነሱባሩው ይዤ ብቀርብ መርማሪው ምን እንደሚለኝ መገመት አያቅትም። ጋራዥ ስትሄዱ የዋጋ ግምት በጽሑፍ ይሰጣችኋል፣ በቀጠሮው ቀን መኪናችሁን ትወስዳላችሁ። ይሄ ይናፍቀኛል፣ አልዋሽም። ግን እኔ ሰፈር ያለው ጋራዥ እንዲህ ያለ ነገር አይሠራም። ካታሎግ ከፍቶ ይፈልጋል፣ ካጣ «የለም» ይላል። ሰውየው የሠሩትን ቆሜ ሳይ ነው ሀገሬ የናፈቀኝ፣ እዚያው ሀገሬ ላይ ሆኜ።

ስቴንለሱን ተወው አሉኝ። ስቴንለስ በደንብ እንዲበየድ ከውጭ ብቻ ሳይሆን ከቱቦው ውስጥም አርጎን መሙላት ያስፈልጋል፣ አለዚያ ውስጡ ተቃጥሎ ይሻክራል፣ በኋላም ይሰነጠቃል። «እኔ ያ መሣሪያ የለኝም፣ አለኝ ብዬ አልዋሽህም» አሉ። በተራ ብረት፣ ግድግዳው 1.5 ሚሊሜትር፣ ዲያሜትሩ 50 ሚሊሜትር በሆነ ቱቦ ተስማማን። ዋጋቸው ከመጀመሪያው ጋራዥ ቀብድ ያነሰ ነበር።

መጀመሪያ ባትሪውን ፈቱ። ብየዳ የሞተሩን ኮምፒውተር ሊያቃጥል ይችላል። ያኛው ጋራዥ ባትሪውን ፈትቶ ይሁን ሳይፈታ አልጠየቅኩም፣ ባውቅም የሚጠቅመኝ ነገር የለም። ቱቦውን ለማጠፍ ደረቅ አሸዋ ጠቅጥቀው ሞሉበት፣ ሁለቱን ጫፍ ደፈኑ፣ በእሳት አግለው ቀስ እያሉ አጠፉት። አሸዋው ሆዱን ስለሚይዘው ኩርባው ላይ አይጨማደድም። አሸዋው እርጥብ ከሆነ ግን እንፋሎቱ ቱቦውን ሊያፈነዳው ይችላል፤ ስለዚህ ቀድመው በድስት ቆልተውታል። መኪናው ላይ በነጥብ ብየዳ ብቻ አያይዘው አወረዱት። ሙሉውን ብየዳ ጠረጴዛ ላይ፣ ፍላንጁን ከወፍራም ብረት ጋር በቡሎን አስረው ጨረሱት፣ እንዳይጣመም። ሴንሰሩን አራቱም ሲሊንደሮች ጢሳቸው ከሚገናኝበት በኋላ፣ ከቱቦው ጀርባ፣ ከላይ በኩል አስቀመጡት። ማርሚታው በሙሉ በሞተሩ ላይ ተንጠለጠለ። ከታች ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ውሃው የሚወጣበት ቀጭን ቀዳዳ በሱት። ከኋላ ሁለት ቀጫጭን ጭራ አወጡለት፣ ልክ እንደ ድሮው ቮልስ። አባቴ ቢያይ ይወደው ነበር።

ሲጨርሱ ጫፎቹን በጨርቅ ይዘው ሞተሩን አስነሱ፣ መጋጠሚያዎቹ ላይ የሳሙና ውሃ ረጩ። የትም አረፋ አልወጣም። አዲስ ሴንሰር ገዝቼ ነበር፣ እሱም ገባ። ነዳጁ ወደ ልኩ ተመለሰ።

እሳቸውም ጋር እንከን የለም አልልም። ስልክ አያነሱም። ደረሰኝ የላቸውም። ዕቃ ለጎረቤት አውሰው ግማሽ ቀን የተፈለገበት ጊዜ አለ።

ቅር ያለው ወንድሜን ነው። ሱባሩ የሚታወቅበት ያ የሚያጎራ ድምፅ የሚመጣው የግራና የቀኙ ቱቦ ርዝመት እኩል ስላልሆነ ነው። ሰውየው ሁለቱንም እኩል አደረጓቸውና ድምፁ ለስላሳ ሆነ። አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ የኋላ ወንበር ላይ ጆሮ የሚይዝ ጉምጉምታ አለ። ሰውየው ጫፉ የተደፈነ አጭር ቱቦ በጎን ብንበይድለት ድምፁን ይውጠዋል፣ መልሱት ብለው ነበር። ወንድሜ እስካሁን አልወሰደውም። ከሱባሩው የቀረኝ እሷ ድምፅ ብቻ ናት ይላል።