«ቬራፓንዲያ ካታቦማን»፦ አልገብርም ያለው ሰው ፊልም

የሂንዲ ፊልም ለምዶ በደቡብ ህንዱ የታሚል ቋንቋ ወደተሠራ ታሪካዊ ፊልም መሻገር ለሚፈልግ የጅማ ተመልካች መነሻው ይኼ ይሁን። በ1959 እ.ኤ.አ. የወጣ የቢ. አር. ፓንቱሉ ሥራ ነው። ሲቫጂ ጋኔሳን የሚጫወተው ለእንግሊዙ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ አልገብርም ብሎ በ1799 የተሰቀለውን፣ በደቡብ ህንድ የምትገኘውን የፓንቻላንኩሪቺን ገዥ ካታቦማንን ነው።

ፊልሙን የተሸከመው ውጊያው ሳይሆን ንግግሩ ነው። ካታቦማን ጃክሰን ከሚባለው የኩባንያው ሹም ጋር ሲፋጠጥ ሰማይ ያዘንባል፣ ምድር ታበቅላለች፣ ላንተ የምገብረው ስለ ምን ነው ይለዋል። ከማሳችን ወርደህ ችግኝ ተክለሃል? አርመሃል? ድምፁ ዝግ ብሎ ይጀምርና ጥያቄው በጥያቄ ላይ ሲደራረብ እየገነፈለ ይሄዳል። ፉከራና ቀረርቶ ሰምቶ ያደገ ሰው ትርጉሙን ሳያነብ ስሜቱ ይገባዋል፤ የማናና የጎማ ቡና አራሚማ ጥያቄውን ማንም እንዲያብራራለት አይፈልግም።

ሙዚቃው የጂ. ራማናታን ነው። ፒ. ቢ. ስሪኒቫስና ፒ. ሱሺላ በቅብብል የሚዘፍኑት «ኢንባም ፖንጉም ቬኒላ» የጨረቃ ሌሊት የፍቅር ዘፈን ነው፤ ያምራል። ከእሱ የሚበልጠው ግን «ፖጋዴ ፖጋዴ» ነው። ክፉ ህልም ያየች ሚስት ባሏ ወደ ጦርነት እንዳይሄድ ትለምናለች፤ የሱሺላ ድምፅ ልመና ሆኖ ጀምሮ ወደ ሙሾ ይጠጋል። በ1960 በካይሮው የአፍሪካና እስያ ፊልም ፌስቲቫል ሲቫጂ በምርጥ ተዋናይነት፣ ራማናታን በሙዚቃው የተሸለሙት በዚሁ ፊልም ነው።

ድክመትም አለው። አስቀድሞ የመድረክ ቲያትር ስለነበር በቤተ መንግሥቱ ትዕይንቶች ተዋንያኑ ተሰልፈው ይቆማሉ፣ ካሜራውም አይንቀሳቀስም። የጎረቤቱ ገዥ ኤታፓን ደግሞ ከሃዲ ከመሆን ሌላ መልክ አልተሰጠውም።

ሄርማታም ሆነ ፈረንጅ አራዳ በፍላሽ ሲያስጭኑ፣ ረጅም ፊልም ስለሆነ ጥራት ያለው ቅጂ ከ4 ጊጋባይት ሊያልፍ ይችላል። ፋት32 በሚባለው የፎርማት ዓይነት የተዘጋጀ ፍላሽ ባዶ ቦታ ቢኖረውም እንዲህ ያለውን ፋይል አይቀበልም። ወደ ኤንቲኤፍኤስ ፎርማት ይደረግ፤ ውስጡ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ አስቀድመው ይገልብጡት። የትርጉም ፋይሉ ስም ከፊልሙ ስም ጋር አንድ ካልሆነ ብዙ ቲቪዎች አያነቡትም። ትርጉሙ መጀመሪያ ላይ ከንግግሩ ጋር ገጥሞ በሰዓት ውስጥ 2 ደቂቃ ተኩል ያህል ከተዛባ፣ ትርጉሙ የተሠራው በሰከንድ 25 ምስል ለሚሄድ ቅጂ፣ ፊልሙ ደግሞ 24 ነው ማለት ነው (ወይም በተቃራኒው)፤ ወደፊትና ወደኋላ መግፋት አያስተካክለውም፣ ሌላ የትርጉም ፋይል ይፈለግ።

ፊቶቹ ተለጥጠው ከታዩ የቲቪውን ምስል ከ16፡9 ወደ 4፡3 መልሱት። ፊልሙ ጌቫከለር በሚባል የቀለም ፊልም ተቀርጾ ለንደን ላይ ቴክኒከለር በሚባለው የቀለም ማተሚያ ዘዴ የታተመ ስለሆነ ቀዩ ከሁሉ ይደምቃል፤ «ቪቪድ» የሚለውን አጥፉት። ድምፁ የተቀዳው በአንድ መስመር ነው፤ በትልቅ ስፒከር ቤዙ ከተለቀቀ የሱሺላ ድምፅ ይታፈናልና ቤዙን ቀንሱ።